የመምህርቷ ጥያቄና የምትሃተኛው መልስ

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ያ ዝናብ ባይጥል ኖሮ ጋዋኖቼን ነገ እወስዳለሁ ብዬ ቀጥ ብዬ ቤቴ እገባ ነበር። ዝናቡ ግን እኔን ፈልጎ የመጣ ይመስል ገና ከፋርማሲዬ ደጃፍ ጀምሮ ወረደብኝ፤ ሮጬ የገባሁበት በርም የጋሼ ካውያ ላውንድሪ ሆነ። ካውያ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ሰፈሩ የሰጣቸው ነው፤ ለሥራቸው ብቻ ሳይሆን ለጠባያቸውም ጭምር። ቶሎ ይግላሉ፣ ከጋሉም የተጨማደደ ነገር ማየት አይችሉም። በግልፍተኝነት እኔም ከሳቸው የማንስ ስላልሆንኩ በጣም እንዋደዳለን።

ከፊት ባለችው ክፍል በላስቲክ የተሸፈኑ ሱፎችና ቀሚሶች ከጣሪያው ሥር ተሰቅለዋል። ከሥራቸው ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጡረታ የወጡት መምህርት ተቀምጠዋል። የሰፈሩን ልጅ ግማሹን ፊደል ያስቆጠሩ፣ ዛሬም ድረስ የሱቅ ማስታወቂያ ላይ ስህተት ካዩ ባለቤቱን ጠርተው የሚያርሙ ሴት ናቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን “ዣንጥላ መግዛት አቃተሽ?” ብለው ይቀልዱብኝ ነበር። ያን ቀን ግን ቀና ብለው አይተውኝ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ። ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል። ሰው ቦርሳውን እንደዚያ የሚይዘው ሌባ ሲፈራ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ጋሼ ካውያ ከውስጠኛው ክፍል መጋረጃ መሃል አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

“ዶክተር፣ እግዜር ነው ያመጣሽ። ግቢ ወደ ውስጥ።”

“ዶክተር አይደለሁም ጋሼ፤ ፋርማሲስት ነኝ።”

“ለእኛ ዶክተር ነሽ። ግቢ፣ ትፈርጂልናለሽ።”

ይህን ንግግር በተገናኘን ቁጥር እንባባላለን። እሳቸው አይሰለቻቸውም፣ እኔም ማረሜን አልተውኩም። ሰው በዕውቀቱ ላይ ሌላ ዕውቀት ሲደርቡለት ዝም ካለ ነገ የደረቡለትን አምኖ ይለብሰዋል።

በውስጠኛው ክፍል እንፋሎቱ ዓይን ያጠፋል። የእህታቸው ልጅ ከመተኮሻው አጠገብ ቆሟል። ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ እስኪያገኝ አጎቱን የሚያግዝ፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ በሠርግና በትምህርት ቤት ምትሃት የሚያሳይ ወጣት ነው። ገመድ ቆርጦ ይቀጥላል፤ ከሕፃናት ጆሮ ሳንቲም ያወጣል። ሰፈሩ ምትሃተኛው ይለዋል። ያን ዕለት ፊቱ እንደታጠበ አንሶላ ነጭ ሆኖ አየሁት።

“ይኸውልሽ” አሉ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ “ይህ ልጅ ያቺ ሴትዮ ስትሞት ቆሞ ሊያይ ነው።”

“እንደሱ አላልኩም ጋሼ።”

“አላልክም፤ ግን ያው ነው።”

ነገሩ እንዲህ ነበር። በትምህርት ቤቱ የዓመት መዝጊያ በዓል ላይ ልጁ ትርኢት አሳይቷል፤ እኔም ነበርኩ። በመጨረሻ ዓይኑን በጨርቅ አሳስሮ የሰው ልብ አነብባለሁ አለ። ገና ሲጀምር “ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው፣ ምንም የተገለጠልኝ ነገር የለም” ብሎ አስታውቆ ነበር፤ ነገር ግን እንደዚህ ያለውን ማሳሰቢያ ማን ይሰማዋል? ለርዕሰ መምህሩ ኪሳቸው መቀደዱን፣ ለዘበኛው ሲጋራ ትቻለሁ ብሎ ሚስቱን መዋሸቱን ነገራቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያም ወደ መምህርቷ ዞሮ “ቲቸር፣ በግራ በኩል ከልጆችዎ የደበቁት ነገር አለ” አላቸው። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ብቻ አልሳቁም።

የደበቁት ነገር በግራ ጡታቸው ውስጥ ያለ እብጠት ነበር። ሐኪም ቤት ሄደው ተመርምረዋል፤ መጥፎ ነው፣ ቶሎ ይውጣ ተብሏል፤ ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው። ነገር ግን በመካከሉ አንድ የታወቀ “አዋቂ” ዘንድ ሄደው ነበር። አዋቂው ሳይነግሩት ሕመማቸውን ነግሯቸው “ቢላ የነካሽ ዕለት ያልቅልሻል” አላቸው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። አሁን ደግሞ ያንን በግራ በኩል ያለውን ነገር ያየላቸው ልጅ የመጨረሻውን ቃል እንዲነግራቸው መጥተዋል። ሂጂ ካለ ሊሄዱ፣ ቅሪ ካለ ሊቀሩ።

ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ሴት ነፍሷን በቦርሳዋ ይዛ መጥታ ለአንድ ሳንቲም ደባቂ ልጅ ልታስረክብ ነው።

“አንድ ቃል ነው የምለምነው” አሉ ጋሼ። “'ይሂዱ፣ ታይቶኛል፣ ይድናሉ' በላት። ምላስ አጥንት የለውም፤ ለክፉም ለደግም ይታጠፋል። ለደግ ብታጥፈው ምን ትሆናለህ?”

እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ልቤ ከጋሼ ጋር ነበር። ትሂድ እንጂ በምንም ትሂድ አልኩ በሆዴ።

“አልታየኝም እኮ ጋሼ” አለ ልጁ።

“ታዲያ የደበቀችውን ነገር ማን ነገረህ?”

“ቀሚሳቸው።”

ጋሼ ሳቁ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። “እኔ ይህ ፀጉር እስኪነጣ ልብስ ስተኩስ ኖሬያለሁ። እስከዛሬ አንድም ቀሚስ አነጋግሮኝ አያውቅም።”

ልጁ ከተሰቀሉት ልብሶች መሃል አንድ ቡናማ ቀሚስ አወረደና ገልብጦ በሰሌዳው ላይ ዘረጋው። “ይህ የሳቸው ነው፤ ዛሬ የሚወስዱት። በግራ ብብቱ ሥር ያለውን ስፌት ይዩት። ተፈትቶ በእጅ ሰፋ ተደርጓል፤ የቀኙ ግን እንዳለ ነው። ከውስጥ በኩል ደግሞ የቅባት እድፍ አለ፤ በግራ ብቻ። ከበጋው ጀምሮ የሚያመጧቸው ቀሚሶች ሁሉ እንዲህ ናቸው። እኔ እባጭ ነገር መስሎኝ ነበር። 'ቲቸር እኮ እባጭ አላቸው' ብዬ ለማሳቅ ነው ያሰብኩት። እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ባውቅ አፌን በካውያ እተኩሰው ነበር።”

ጋሼ ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ደጋግመው የተኮሱት ልብስ ነው፤ አንድም ቀን አላዩትም። ቢሆንም እሳቸው በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

“ይሁን” አሉ። “ይህን የሚያይ ዓይን ራሱ ስጦታ ነው። ለሁሉ አልተሰጠም።”

“የማንም ዓይን ያየዋል። የእህቴን ጋዋን ያምጡት እስቲ።” ጋዋኔን ተቀብሎ ጥቂት አገላበጠና ወደ እኔ ዞረ። “ግራ ጉልበትሽን ያምሽ የለ?”

ያመኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ነገሩ ምትሃት እንዳልሆነ አሁን የሰማሁ፣ የተማርኩ፣ በኬሚስትሪ የተፈተንኩ ሴት ነኝ፤ እንደዚያም ሆኖ ከልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ያን ጊዜ ነው የመምህርቷ ፍርሃት የገባኝ። ሰው የደበቀውን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ዕውቀቱ አያድነውም።

“በቀኝ ዳሌዋ በኩል ጋዋኑ ተልጧል” አለ ልጁ። “ቀኑን ሙሉ ባንኮኒው ላይ በቀኟ ትደገፋለች ማለት ነው። ሰው አንዱን እግሩን የሚያሳርፈው ሲያመው ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። አሁን ደግሞ እርስዎ ያንብቡ ጋሼ።” ከሰቀላው የማን እንደሆነ የማናውቀውን አንድ ኮት አውርዶ ሰጣቸው።

ጋሼ ኮቱን እንደ ቆሻሻ ነገር ራቅ አድርገው ያዙት፤ ቀስ በቀስ ግን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። “ጀርባው አብረቅርቋል... ሁልጊዜ ወንበር የሚደገፍ ሰው ነው። ግራ ክንዱ ከቀኙ ይልቅ በፀሐይ ነጥቷል።” እጅጌውን ወደ መብራቱ አዞሩት። “ሹፌር ነው። ክንዱን በመስኮት የሚያወጣ ሹፌር።”

“እና አሁን እርስዎ አዋቂ ሆኑ?”

ጋሼ ኮቱን ቀስ ብለው መልሰው ሰቀሉት። የሚረቱ መስሎኝ ነበር፤ የተረቱት ግን በግማሽ ነው።

“ደህና፤ ውሸት ነው እንበል” አሉ። “እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ውሸቱ ነፍስ ካዳነስ? ሕፃን ሲያለቅስ 'እሹሩሩ፣ እናትህ መጣች' እንላለን፤ እናቱ ገና በመንገድ ናት። ይህ ኃጢአት ነው? ያቺ ሴትዮ እኮ ውጪ እየተንቀጠቀጠች ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እሷም የምትይዘው ነገር ፈልጋ ነው የመጣችው። አንተ ደግሞ እጅህን ትሰበስብባታለህ።”

ልጁ የኮቱን ትከሻ መስቀያው ላይ አስተካከለ።

“ጋሼ” አለ፣ “እኔ መድረክ ላይ ስወጣ ከተመልካቹ ጋር ውል አለኝ። እኔ አታልላለሁ፣ እነሱ መታለላቸውን ያውቃሉ፤ ስቀን እንለያያለን። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አእምሯቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት። ያ አዋቂ የተባለውም ሥራው ከኔ አይለይም፤ ውሉን ብቻ ደብቆታል። ከሱ ዘንድ የሚወጣ ሰው አእምሮውን እዚያው ትቶ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሳያስፈቅደው ልጁንም አያሳክምም። አሁን እኔ 'ታይቶኛል' ካልኩ በእኔና በሱ መሃል ምን ልዩነት ይቀራል?”

“ልዩነቱማ አንተ ወደ ሐኪም ትልካታለህ፣ እሱ ያስቀራታል።”

“ነገ ብቻ ነዋ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ መድኃኒት ሲያዝ 'ልጁ ምን ይላል' ብለው ወደኔ ይመጣሉ። ከየት አምጥቼ ልመልስ? አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ከኔ የበለጠ የሚያስፈራ ቃል ቢነግራቸውስ? ለኔ ቃል የሄዱትን ያህል ለሱ ቃል ይመለሳሉ። በቃል የሄደ በቃል ይመለሳል ጋሼ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ሲሉ አይደል ያሳደጉኝ? ቲቸርም ያላቸው ነፍስ አንድ ነው።” ወደ መጋረጃው አየ። “ደግሞ ቢሞቱስ?”

“አታሟርት።”

“ማሟረት አይደለም፤ ቀዶ ጥገና ነው። 'ይድናሉ' ብዬ ልኬያቸው ቢሞቱ ልጆቻቸው ምን ይሉኛል? እሳቸውስ የሄዱበትን ምክንያት እንኳን ሳያውቁ፣ በእኔ ውሸት እንደተጋለቡ አይደል የሚሞቱት?”

ጋሼ ካውያ በቆሻሻ ልብስ ከተሞላ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ስሰማ ለምን ያን ያህል እንደጋሉ ገባኝ።

“እኔ ነኝ የወሰድኳት” አሉ። “ወደ አዋቂው። ሐኪም ቤት እንደሚቆርጧት ስትነግረኝ ፈራሁ። ባሏ ሲሞት 'እህትህ ትሁን' ብሎኝ ነው የሞተው። እስቲ አንድ ጊዜ ይታይልን ብዬ በእጄ ይዤ ወሰድኳት። 'አይዞሽ ይላታል' ብዬ ነበር። እሱ ግን ያንን ቃል አወጣ። ቃሉን ማስወጣት እንጂ መመለስ አልቻልኩም። እንድትመልስልኝ ነው የምለምንህ።”

እኒያ ካውያ ሰው በዚያ እንፋሎት ውስጥ እንደበረዳቸው ሰው ትከሻቸውን ሰብስበው ነበር።

“ጋሼ” አለ ልጁ በለሰለሰ ድምፅ፣ “ሳትነግሩት አወቀ ነው የሚሉት። ከመግባታችሁ በፊት ከማን ጋር አወራችሁ?”

“ከማንም። በረንዳው ላይ ወረፋ ስንጠብቅ አንዲት በሽተኛ ብቻ ነበረች። እሷም እንደኛው ጡቷን ታማ የመጣች፣ የምታሳዝን። አብረው አለቀሱ።”

“ይህን ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት ወይስ ቲቸር?”

ጋሼ አሰቡ። “ምን እንዳመማት ስትጠይቃት ቲቸር ነገረቻት፤ ያን ጊዜ 'እኔም እንዳንቺው ነኝ' አለች።”

“ፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው? ስታወራ አፏን በመሐረብ ትሸፍናለች? ግራ ቅንድቧ መሃሉ ላይ ተቆርጧል?”

የጋሼ አፍ ተከፈተ። “አንተ የት አየሃት?”

“እዚሁ፤ ፊት ለፊት ባንኮኒው ላይ። እርስዎ ከመተኮሻው ስለማይለዩ አላዩዋትም እንጂ ደንበኛችን ናት። የአዋቂውን ነጫጭ ካባዎች የምታመጣውም የምትወስደውም እሷ ናት። 'ቶሎ አድርሱልኝ፣ ወንድሜ ነገ ሰው ይቀበላል' ትለኛለች። ከበሽታዋ ድና ከሆነ አላውቅም፤ ካባ ተሸክማ ስትወጣ ግን ደህና ጤነኛ ናት።”

ጋሼ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። የአዋቂውን ካባ በየሳምንቱ ስታርች እየቀቡ እንደ ወረቀት ያደረቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሰው ሲታለል ይናደዳል፤ የሚወደውን ሰው ይዞ ገብቶ ያስታለለ ግን ንዴትም የለውም። እኔም አብሬ ፈራሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ገና አላለቀም። በመጋረጃው ማዶ ያለችው ሴት ይህን ሁሉ አታውቅም፤ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል።

“እኔ እነግራታለሁ” አሉ ጋሼ።

“የጀመርኩት እኔ ነኝ” አለ ልጁ። ቀሚሱን አንስቶ ቀድሞን ወጣ።

መምህርቷ እንደተቀመጡ ናቸው። ሦስታችንን አንድ ላይ ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። “ድምፃችሁ እስከዚህ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም” አሉ። “ያን ያህል ካከራከራችሁ ደግ ነገር አይደለም። ንገረኝ ልጄ። ሞቴን አይተህ ነው የፈራኸው?”

ልጁ ከፊታቸው በርከክ አለ። “ምንም አላየሁም ቲቸር። ማየትም አልችልም። ያን ቀን የተናገርኩት ከዚህ ላይ ነው።” ቀሚሱን ገልብጦ ስፌቱን አሳያቸው።

እሳቸውም በጣታቸው ክሩን ተከትለው ሄዱ። “ይህን በእጄ ነው የሰፋሁት” አሉ። ከዚያ ቀና አሉ፤ ዓይናቸው የክፍል ውስጥ ዓይን ሆነ። “ሰው ልብሱን ለማሳጠብ ሲሰጥ ገመናውንም አምኖ ነው የሚሰጠው። አንተ የእኔን አውጥተህ በአደባባይ አሳቅክበት?”

“አዎ። በድያለሁ። ይቅር ባይሉኝም እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ቀልድ የተነሳ አዋቂ ነው ብለው የሰሙኝ እንደሆነ ደግሞ ከዚህ የባሰ በደል ይሆንብኛል።”

ጋሼም የበረንዳዋን ሴት ታሪክ ምንም ሳያስቀሩ ነገሯቸው፤ ማን እንደወሰዳቸውም ጨምረው፣ እሳቸው የማያውቁት ይመስል። መምህርቷ ቀሚሱን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

“ስለዚህ እድን እንደሆነ የሚያውቅ የለም” አሉ።

“የለም።”

“አንተም አታውቅም።”

“አላውቅም ቲቸር።”

ያን ጊዜ አለቀሱ። እኔ እፎይ የሚሉ መስሎኝ ነበር። “እስከዛሬ የፈራሁት ሞትን ነበር” አሉ፤ “አሁን ደግሞ ራሴ መወሰኔን ፈራሁ። ያ ሰውዬ ክፉም ቢናገር ቢያንስ ወስኖልኝ ነበር።” ይህን ቃል እስከዛሬ አልረሳሁትም። ሰዎችን ወደ አዋቂ የሚነዳቸው ድንቁርና ነው እያልኩ ስንት ጊዜ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ሰዎችን የሚነዳቸው ይህ ነው፤ የራስን ነገር በራስ እጅ መያዝ ማስፈራቱ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺስ? አንቺ የምታውቂውን ንገሪኝ።”

“ዶክተር አይደለሁም” አልኩ። ያን ቀን ይህን ስል አላፈርኩም፣ አልኮራሁምም፤ ስለሆነ ብቻ ነው ያልኩት። “የማውቀው ይህን ያህል ነው። እንዲህ ያለ እብጠት ሲቆይ ይሰፋል፣ ይሄዳል። ቶሎ የወጣላቸው ብዙዎች ይኖራሉ፤ ሁሉም ግን አይኖሩም። የቀረውን ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ የመጠየቅ መብት አለዎት። ምን ያህል እንደሚቆረጥ፣ ከዚያ በኋላ ምን መድኃኒት እንደሚከተል፣ ባይወጣ ምን እንደሚሆን።”

“ቀስ በይ” አሉኝ። እንባቸውን ጠርገው ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ደገሟቸው፤ አንዷን “ይህ ጥያቄ ግልጽ አይደለም” ብለው አረሙኝ። ዣንጥላቸውን ሲያነሱ ጋሼ “ነገ ላድርስሽ?” ቢሏቸው “በር ላይ ካገኘኸኝ አድርሰኝ” ብለው ወጡ። ካላገኘኸኝ የሚለውን አልጨረሱትም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ስንደርስ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። አብረናቸው ሐኪም ቤት ሄድን።

ቀዶ ጥገና ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ወረቀቱን ለፊርማ ስታቀርብላቸው መምህርቷ ብዕሩን ሳያነሱ ጥያቄያቸውን በተራ አወረዱት፤ ሐኪሟም በተራ መለሰች። በመጨረሻ “እድናለሁ?” አሏት።

“አላውቅም” አለች ሐኪሟ። “ሳልከፍት ይድናሉ ብልዎት ዋሽቼዎት ነው። የተቻለኝን አደርጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ፣ ክፉም ቢሆን፣ እነግርዎታለሁ።”

መምህርቷ ወደ ጋሼ ዞሩ። “ሰማህ? ቢላውን የያዘችው አላውቅም ትላለች። ካባ ለብሶ ከወንበሩ የማይነሳው ነው ሁሉን የሚያውቀው።” ብዕሩን አንስተው ፈረሙ። ፊርማቸው ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ግን የራሳቸው ነበር።

በሩ ሲዘጋ ጋሼ የልጁን ክንድ ያዙ። “አሁንስ ምንም አይሰማህም? ትንሽም?”

“ፍርሃት ይሰማኛል ጋሼ።”

“እኔም” አሉና አጠገቡ ተቀመጡ።

መምህርቷ ከዚያ በር ወጡ። ሕክምናው ረጅም ነበር፤ ፀጉራቸው ረገፈ፣ ቀለማቸው ከሰለ፣ ሁለት ጊዜ በጣም ሰጋንላቸው። ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ማስታወቂያም ያርማሉ። ነገር ግን አንባቢዬ ሆይ፣ ምክሬን በመዳናቸው ላይ እንድታቆመው አልፈልግም። እግዜር አያድርገውና ባይድኑ ኖሮም ልጁ ትክክል ነበር፤ እሳቸው ለምን እንደሄዱ ራሳቸው ያውቁ ነበርና። ልጁ ዛሬም ትርኢት ያሳያል፤ በሽታን፣ ሞትንና የጠፋ ሰውን ግን አይነካም፣ ለማጠቢያ የተሰጠውንም ልብስ ምስጢር ከመጋረጃው አያሻግርም። የሚያዩት ሰዎች ከቀድሞው ይልቅ ይስቃሉ እንጂ ያነሰ አይስቁም። ላውንድሪው የአዋቂውን ካባ አንቀበልም ካለ ወዲህ ያቺ ሴትዮ ሌላ ቤት ወስዳዋለች፤ አዋቂውም ደንበኛ አላጣም። መምህርቷን እሱ ዘንድ ያደረሳቸው ከልጆቻቸው መደበቃቸውም ጭምር ነው፤ ሕመሙን ለቤተሰቡ የገለጠ ሰው አይዞህ ባይ ያገኛል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውም ለዚህ ነው።

ጋሼ ካውያን ግን እኔ ምክር ብዬ ከምጽፈው ይልቅ አንድ ቀን ያየሁት ይገልጻቸዋል። ጋዋን ልወስድ ገብቼ ሳለ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ጨብጠው ገቡ። ልጃቸው ከቤት ከወጣች ሰንብታለች፤ ከንፈራቸው ደርቋል። “የሚያውቅ ልጅ እዚህ አለ ብለውኝ ነው” አሉ። “አለች ይበለኝ፤ ሌላ አልጠይቅም።”

አለች ማለት ቀላል ነበር። ሽማግሌው ቆመው ይለምኑናል።

ጋሼ ከመተኮሻው ክፍል ወጡ። “ወንድሜ” አሉ፣ “ልጁም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። እኛ ልብስ እናጥባለን። ለፖሊስ አመልክተዋል?”

ሽማግሌው በአሉታ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ፈራሁ። ካመለከትኩ... ጠፍታለች ማለቴ ነው።”

ጋሼ ተመልሰው ካውያውን ነቀሉ፤ ሽርጣቸውን ፈትተው ሰቀሉት። “እኔም እፈራለሁ” አሉ ክንዳቸውን ይዘው። “ይምጡ፣ አብረን እንሂድ።”